የአንድ ትንፋሽ ሥራ

ወረቀቱ ከጠርሙሱ ወጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ እስኪገባና ክዳኑ እስኪገጠም ድረስ መተንፈስ ክልክል ነው። ሕጉን ያወጡት ጋሼ ቶሎ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ወረንጦውን ከማንሳታቸው በፊት ሁልጊዜ «ቶሎ ነው እንግዲህ» ስለሚሉ፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ የአፈር ላቦራቶሪው ሰው ሁሉ እንደዚህ ይጠራቸዋል። እሳቸውም አይከፋቸውም።

ሕጉ ሁለት ምክንያት አለው። የሰው ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ ወረቀቱ ላይ ካረፈ ያበላሸዋል። በዚያ ላይ ትንፋሹ ሰዓታችን ነው። በአንድ እጁ ጠርሙስ፣ በሌላው ወረንጦ የያዘ ሰው ቀና ብሎ የግድግዳ ሰዓት ሊያይ አይችልም። «በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ዘግይተሻል ማለት ነው» አሉኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እጃቸው ላይ በወደቅሁ ሰሞን። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ። ቆይቶ ገባኝ።

ውኃ ያልሞላው አፈር ይጠማል። እርስ በርሳችን ስናወራ «ጥማት» እንለዋለን፤ ሪፖርት ላይ ሲሆን «የመምጠጥ ኃይል» ተብሎ ይጻፋል። ልጆች በትንሹ በረጠበ አሸዋ ቤት ሲሠሩ ግድግዳው የሚቆምላቸው በዚህ ጥማት ነው። ቅንጣቶቹ ያችን ጥቂት ውኃ ሲሻሙ ይያያዛሉ። ውኃ ሲበዛባቸው ይጠግባሉ፣ ይላቀቃሉ፣ ቤቱም ይፈርሳል። ኮረብታም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም።

ጥማትን የሚለኩ ውድ መሣሪያዎች አሉ፤ እኛ ዘንድ የሉም። እኛ አፈሩን ሰፊ አፍ ባለው ጠርሙስ ውስጥ እናደርግና ከላዩ ትንሽ ቀለበት አስቀምጠን፣ በቀለበቱ ላይ ክብ ማጣሪያ ወረቀት እናሳርፋለን። ክዳኑን በፕላስተር አሽገን፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በማይፈራረቅበት ሳጥን ውስጥ ከሳምንት በላይ እንተወዋለን። በዚያ ጊዜ አፈሩና ወረቀቱ ያላቸውን ውኃ ተካፍለው ይስማማሉ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተን እንመዝናለን፣ በምድጃ አድርቀን እንደገና እንመዝናለን። ወረቀቱ ብዙ ውኃ ከያዘ አፈሩ ብዙም አልጠማውም፤ ጥቂት ከያዘ ግን አፈሩ ጠምቶታል። ችግሩ፣ ወረቀቱ የሚይዘው ውኃ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው። ከጠርሙሱ ከወጣ በኋላ ትንሽ ከቆየ አየር ይወስድበታል፤ አፈሩም ከእውነቱ በላይ የተጠማ ይመስላል።

ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ነው። ጋሼ በወረንጦ ያነሳሉ፤ እኔ ቆርቆሮውን ከፍቼ እቀበላለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እመዝናለሁ።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ከአንድ ጤና ጣቢያ ጀርባ ያለ ኮረብታ አፈር ነበር። ለጤና ጣቢያው አዲስ ክፍል ሊሠራ የኮረብታው እግር ተቆርጧል። መሐንዲሱ ማወቅ የፈለገው፣ የተቆረጠው ፊት እስከሚቀጥለው በጋ ድረስ በራሱ ይቆም እንደሆነ ነው። ካፊያው ከጀመረ በኋላ የተወሰደው አፈር አሁንም ከተጠማ፣ ውኃው ወደ ውስጥ አልዘለቀምና ጊዜ አለ። ጥማቱ ከቀነሰ ግን ዝናቡ ሳይጠና የድጋፍ ግንብ መሠራት አለበት፤ ግንቡ እስኪያልቅም ኮረብታውን ተጠግቶ ያለው ማዋለጃ ባዶ መሆን አለበት። መሐንዲሱ ይህን መስማት አልፈለገም። በየቀኑ እየደወለ «ደረሰ?» ይላል። ስልኩን የሚያነሱት ጋሼ ናቸው። «ወንድሜ፣ አፈር አይቸኩልም» ይሉትና ይዘጋሉ።

ጠርሙሶቹን በከፈትንበት ጠዋት ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ማራገቢያው ጠፍቷል፤ በሩ ላይ «አትግቡ» የሚል ወረቀት ለጥፈናል።

«ቶሎ ነው እንግዲህ» አሉ ጋሼ።

ሁለታችንም አየር ሳብን። ክዳኑን አነሱ። ወረንጦው ገባ፣ የወረቀቱን ጫፍ ፈለገ፣ ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። እኔ ቆርቆሮውን ደቅኜ እጠብቃለሁ። ወረቀቱ ወደ እኔ ሲመጣ ደረቴ ማቃጠል ጀምሮ ነበር። ክዳኑን ገጥሜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩና ተነፈስኩ፤ ድምፁ ለራሴም አሳፈረኝ።

ጋሼ ገና አልተነፈሱም። ጠርሙሱን ረጋ ብለው ዘጉ፣ ወረንጦውን በቦታው አስቀመጡ፣ ከዚያ አየሩን በአፍንጫቸው ቀስ አድርገው ለቀቁት።

«ምነው ልጄ፣ ጉንፋን ነው?»

«ትንሽ ይዞኛል» አልኩ። ጉንፋን የሚባል ነገር አልያዘኝም።

በሚቀጥለውም ጠርሙስ እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። ለሻይ ስንወጣ ወንፊት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀን። ወንፊት በጎናችን ባለው ክፍል አፈር የሚነፋ እኩያዬ ነው። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው ይላል እሱ፤ ሌሎቻችን ከአፉ ነው እንላለን፣ ምክንያቱም የሰማው ነገር ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል።

«በግድግዳው በኩል ስትተነፍሺ ሰማሁሽ» አለኝ። «እኔ ደሞ አንድ ሰው ቤንች ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ መስሎኝ። ሲጋራ ጀመርሽ እንዴ?»

«ተዋት» አሉ ጋሼ። «የዛሬ ልጆች ትንፋሽ የላችሁም። እኔ ያደግኩት ወንዝ ዳር ነው። ውኃ ውስጥ ጠልቄ፣ እናቴ ልጄ ሞተ ብላ ጎረቤት እስክትጠራ ድረስ አልወጣም ነበር። ሰው ሲሰበሰብ ብቅ ስል ሳቅ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዱላ ነው።»

ወንፊት ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሻዬን ግን አልጨረስኩትም። ባለፈው ዓመት በአንድ ትንፋሽ ሥራው አልቆ፣ ክብደቱን አንብቤ እንኳ የተረፈኝ አየር ነበር። ደረጃ ወጥቼ አላለከለክሁም፤ አላመመኝም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ትንፋሼ አላጠረም የሚል ነበር። ሁለተኛውን ሐሳብ ደፍሬ እስከ መጨረሻው አላሰብኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቶቹ ከምድጃ ወጡ፤ ሒሳቡን ሠራሁ። ኮረብታው ጠምቶታል፣ ያውም በደንብ። ጋሼ ለመሐንዲሱ ስልክ ደወሉ። ከስልኩ እጀታ የወጣው ደስታ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማ። ኃላፊያችን ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው፤ ቁጥሮቹን አይተው «ነገ ከሰዓት ይፈረምና ይሂድ» ብለው ወጡ።

አንድ ቁጥር ግን ለብቻው ቀርቶ ነበር። አዲስ የወረቀት ፓኬት ስንከፍት፣ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በጠርሙስ አድርገን ከአፈሩ ጎን እናስቀምጣለን። የጨው ውኃ ጥማት አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ወረቀቱ ያንኑ ቁጥር ካልመለሰ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው። ከጨው ጠርሙሶቹ አንዱን ከኮረብታው ጋር ከፍተነው ነበር። ከሚገባው በላይ የተጠማ ሆኖ መጣ።

ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

«ጨው አብዝተሻል» አሉ።

ጨውን የመዘንኩት ሁለቴ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ይሆናል» አልኩ።

«ግድ የለም፤ የጨው ነገር እንዲህ ነው። ኮረብታውን አይነካውም።» ትከሻዬን መታ አደረጉኝና ወደ ዕቃ ክፍል ሄዱ። ሲሄዱ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት በግራቸው እያሹ ነበር። ከብርዱ ወራት ጀምሮ እንደዚያ ሲያደርጉ አያቸዋለሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ እጅጌ እየገጠመች ነበር። እናቴ ፊቴን ሳታይ በአረማመዴ ነው የምታውቀው።

«ማነው የተናገረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ጫማሽን ሳታወልቂ የተቀመጥሽው ምን ሆነሽ ነው?»

ጫማዬን አወለቅሁ። ነገሩን እንደምንም ብዬ ነገርኳት፦ ያስተማሩኝ ሰው እጃቸው ዘግይቷል፤ እሳቸው ራሳቸው አያውቁም፤ ነገ ከሰዓት የሚሄድ ወረቀት አለ፤ ከሄደ በኋላ እናቶች የሚተኙበት ክፍል ከኮረብታ ሥር ይቀራል። ከተናገርኩ ደግሞ ከወረንጦው ያነሷቸዋል፤ ሌላ የሚወዱት ሥራ የላቸውም።

እናቴ መኪናውን አቆመች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ የጨው ጠርሙስ ብቻ ነው። ምናልባት ጨው አብዝቼም ይሆናል።»

«አብዝተሻል?»

«አላበዛሁም።»

«እሺ። አንቺ ስትሳሳቺ እሳቸው ምን ይሉሽ ነበር?»

አሰብኩ። «ምንም አይሉኝም። ሌላ ጠርሙስ ያመጡና ‹እንደገና› ይሉኛል።»

«ታዲያ ምኑ ከበደሽ?» አለችና እግሯን ፔዳሉ ላይ መለሰች። «እኔ መስሎኝ ልትሰድቢያቸው ነው።»

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። በሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ሁለት የጨው ጠርሙሶች ነበሩ፤ ሦስቱም ከአንድ ዕቃ የተቀዱ ናቸው። ጠረጴዛውን አጸዳሁ፣ ቆርቆሮዎቹን ደረደርኩ። ጋሼ ነጭ ካፖርታቸውን እየቆለፉ ገቡ።

«እንዴት አደርሽ? ዛሬ ምን አለን?»

«ጋሼ፣ ጨው እንደገና ብንሠራስ ብዬ ነው። ሁለት ጠርሙስ ቀርቷል።»

«እንሥራ፤ ምን ችግር አለው።» እጃቸውን ወደ ወረንጦው ሰደዱ።

«አንዱን እኔ ላንሳው?»

እጃቸው ቆመ። አዩኝ። ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ወረንጦውን ስጡኝ ብዬ አላውቅም። ዓይኔን ከጠርሙሱ ላይ አላነሳሁም።

«አንሺ» አሉ። ወረንጦውን በእጀታው በኩል አቀበሉኝና ቆርቆሮውን ይዘው በኔ ቦታ ቆሙ። እኔ «ቶሎ ነው እንግዲህ» ማለት አልቻልኩም፤ ዝም ብዬ አየር ሳብኩ። ክዳኑን አነሳሁ፣ ወረቀቱን ያዝኩ፣ ቆርቆሮው ውስጥ አስገባሁ፤ እሳቸው ዘጉት። ሁለታችንም ተያየን። የተረፈኝ አየር ገና ብዙ ነበር።

ጋሼ ቆርቆሮውን ሚዛኑ ላይ አኑረው ክብደቱን አነበቡልኝ፤ መዘገብኩት። ከዚያ የመጨረሻውን ጠርሙስ በመዳፋቸው አዙረው አዩት።

«ወንፊትን ጥሪው» አሉ። «ስልኩን ይዞ ይምጣ።»

ወንፊት አቧራ ለብሶ መጣ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። እዚያ ማዕዘን ቁም። ክዳኑን ሳነሳ ሰዓቱን አስነሳ፣ እሷ ቆርቆሮውን ስትዘጋ አቁም። በመሀል አትናገር።»

«እስከዚያ ልተንፍስ?»

«አንተ ተንፍስ።»

ወረንጦውን ያዙ። «ቶሎ ነው እንግዲህ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። ወረንጦው ገባ። የወረቀቱን ጫፍ ፈለገ። አውራ ጣታቸው ሲታጠፍ አየሁት፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ወረቀቱ ተያዘ፣ አመለጠ፣ ተያዘ። ደረቴ አቃጠለኝ። ቆርቆሮውን ዘጋሁ።

ወንፊት ስልኩን አየ፤ ከዚያ ጋሼን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ የሚያውቀውን ለመናገር ያልፈለገው። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጣቸው። አነበቡና መለሱለት። ሰዓቱ መሆን ከነበረበት ሦስት እጥፍ ነበር።

«ጣቴ ያመኛል እንጂ የዘገየ አልመሰለኝም» አሉ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። «እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ትንፋሼ አላለቀም።»

ወንፊት ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ጉንፋንም አልያዘሽም» አሉኝ።

«አልያዘኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከብርዱ ወዲህ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ደህና ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓንታቸውን አወለቁ፣ አንድ በአንድ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በኔ እጅ የመጣ ቁጥር በኔ አፍ ይመለሳል» ብለው ወደ ኃላፊያችን ቢሮ አመሩ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ተከትዬ ገብቼ የሳቸው ጥፋት አይደለም ልል ፈለግሁ፤ ግን ታዲያ የማን ነው ልል ነው? ወንፊት ጎኔ መጥቶ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ለማንም አልናገርም» አለኝ።

«አንተ?»

«እኔ።» አቧራውን ከእጁ አራገፈና «ግን ይቆረቁረኛል» አለ።

ጋሼ ሲወጡ ፊታቸው እንደገቡበት ነበር። ሪፖርቱ እስከ ነገ ይቆያል። ነገ ከምድጃ የሚወጡት ሁለቱ ወረቀቶች ጥርጣሬውን ካረጋገጡ የኮረብታው ሥራ እንደገና ይጀመራል፤ በሰም የታሸገ አፈር ገና ተርፏል። ከብርዱ ወዲህ በሳቸው እጅ ያለፈ ሌላም ሥራ ካለ እሱም ይፈተሻል። ስለ ራሳቸው የተባለውን የነገሩኝ በመጨረሻ ነው።

«ዕቃ ክፍል ተዛውረው ይሠራሉ ወይ ብላኛለች።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ የኮረብታው ሥራ ይለቅ አልኩ።»

በማግስቱ የኔ ወረቀት የጨው ውኃውን ቁጥር በቁሙ መለሰ። የሳቸው ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ መጣ፤ ጨው አልበዛም ነበር። ጋሼ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አይተው «ጨውሽ ልክ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለሱ አንስተው አያውቁም።

ለመሐንዲሱ የደወሉት ኃላፊያችን ናቸው። ውጤቱ እስኪደገም ድረስ በኮረብታው እግር ምንም እንዳይነካ፣ ማዋለጃውንም ለጊዜው ወደ ፊት ለፊቱ ሕንፃ እንዲያዛውሩ ነገሩት። ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማሁም፤ ኃላፊያችን ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አርቀው ይዘውት ነበር።

አዲሶቹን ጠርሙሶች አሽገን ሳጥኑ ውስጥ አስገባን። ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነው። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ የላቦራቶሪው ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መነጋገር አይቻልም ነበር። ጋሼ በየቀኑ መጥተው የሳጥኑን ክዳን በመዳፋቸው ነካ ያደርጉና ይሄዳሉ። አይከፍቱትም። አንድ ቀን «አፈር አይቸኩልም» አልኳቸው፤ ብዙ ካሰብኩበት በኋላ። መሬት ዋጪኝ አልኩ። እሳቸው ግን ሳቁ። «የሰው አፍ እየዘረፍሽ ነው» አሉኝ።

የምንከፍትበት ቀን ኃላፊያችንም መጥተው በሩ ጋ ቆሙ። እኔ ወረንጦውን ያዝኩ። ጋሼ ቆርቆሮውን ይዘው በስተቀኜ ቆሙ። ለቆርቆሮው አውራ ጣት አያስፈልግም፤ ክዳኑ በመዳፍ ይገጠማል። በግድግዳው ሰዓት ፈንታ ወንፊት ማዕዘኑ ላይ ስልኩን ይዞ ቆሟል፤ ከአሁን ወዲያ በትንፋሽ ብቻ እንደማንሠራ ጋሼ ራሳቸው ወስነዋል።

ወረንጦውን ደጋግሜ ከፍቼ ዘጋሁት። ጋሼ አዩት።

«እኔ እዚህ ነኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካመለጠሽም ሌላ ጠርሙስ አለ።»

አላመለጠኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ሥራ ሻይ ሳይፈላ አለቀ። ክብደቱን ሲያነቡ ድምፃቸው ሳይቸኩል፣ ሳይንተባተብ ይወጣ ነበር። ሚዛኑ እስኪረጋ ድረስ እኔ ብሆን የማልታገሰውን ያህል ይታገሳሉ፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ከወዲህ ወዲያ ማለቷን እስክታቆም አይናገሩም። ኃላፊያችን እስኪያልቅ ቆመው አዩ።

በማግስቱ ውጤቱ ወጣ። ኮረብታው እኛ ያልነውን ያህል አልተጠማም። ውኃው ገብቷል።

ጋሼ ራሳቸው ለመሐንዲሱ ደወሉ። 

«ወንድሜ፣ ያኔ ያልኩህ ተሳስቼ ነው» አሉት። «እጄ ዘግይቶ ወረቀቱ ደረቀብኝ። አፈሩ አልጠማውም። ግንቡን ሥራ።» አዳመጡ። «አውቃለሁ። ብትቆጣም አልፈርድብህም። ግን ሥራው፤ እናቶቹንም ወደዚያ እንዳትመልሳቸው።» እንደገና አዳመጡ። «እሺ። በል ደህና ዋል።»

ስልኩን አስቀመጡ። ኃላፊያችን ሪፖርቱን ፈርመው ሲያልፉ ከሚዛኑ ክፍል በር ላይ ቆም አሉ። «የዕቃ ክፍሉን ነገር ትተነዋል» አሉ ለጋሼ፤ «እዚህ ሚዛኑን የሚያነብልን ሰው ያስፈልጋል» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ጋሼ ሚዛኑ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ በኔ ቁመት የተስተካከለ ስለነበር ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ብሎኑን አዞሩ፣ ልክ እስኪሆንላቸው ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ተቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለሱ።

«ቀጣዩን አምጪ» አሉ።